የአበልጅ ሰዓት

ሰው «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ሲለኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት አንዲት የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ዛሬም ሲሉኝ አፍንጫዬን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይለኛል።

ዶክተር ሜልባ ትባል ነበር። ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ፣ ሞሎ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ፎቅ ቤት ነበራት፤ ምድር ቤቱ ክሊኒኳ፣ ላዩ መኖሪያዋ። እናቴ ሳልቢንግ ትንሹን ልጇን ኪኮን ትጠብቅላት ነበር። ተመላላሽ ሞግዚት ነበረች። ከምሳ በኋላ ትገባለች፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ትወጣለች፣ ደሞዟም የግማሽ ቀን ነው። ክሊኒኩ መቼ እንደሚዘጋ ግን ከዶክተሯ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥርሱን ያመመው ሰው ሲመሽም ይመጣል። የታመመ ባይመጣ የጓደኛ ልደት አለ፣ ልደት ባይኖር ካርታ ጨዋታ አለ። እኔ እራቴን ጎረቤታችን እትዬ ፓሲንግ ቤት በልቼ፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። እናቴ መጥታ ተሸክማ ስትወስደኝ የማውቀው በጠረኗ ነው፤ የኪኮ የገላ ዱቄትና የዶክተሯ የጥርስ መድኃኒት ቅርንፉድ አብሯት ይመጣል። አባቴ ለዓሣ ሥራ ፓላዋን ደሴት እንደ ሄደ ቀልጦ ቀርቷል፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

እትዬ ፓሲንግ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ነበረች። ከዚያ ይዛ የመጣችው አንድ ትልቅ ሬዲዮ፣ የወገብ ሕመምና ማንንም የማይፈራ ምላስ ነው። ያን ሰሞን አንድ ደላላ ለእናቴም የዚያኑ አገር የሥራ ውል ወረቀት አምጥቶላት ነበር። እናቴ ወረቀቱን ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ ሰክታ ተወችው፤ መፈረም አልፈለገችም። «ሄደሽ የሰው ልጅ ከምታሳድጊ እዚሁ ሆነሽ ያንቺንም የሰውንም አሳድጊ» ብላ የመከረቻት እትዬ ፓሲንግ ናት። እዚህ ለመኖር ግን የዶክተሯ ቤት ሥራ በሰዓት መቆጠር ነበረበት። ከተቆጠረ እናቴ ትቀራለች፣ ካልተቆጠረ ትሄዳለች። እኔ ከዚህ አንዱንም አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ከውሃ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ በፓፓያ ዘንግ የሳሙና አረፋ መንፋት ነው።

እዚያው ቧንቧ ሥር ነው ልምምዱን የሰማሁት። ሁለቱ ልብስ ያጥባሉ። እትዬ ፓሲንግ እርጥብ ፎጣ እንደ ዘውድ ጠምጥማ የተደፋ ባልዲ ላይ ጉብ አለች።

«በይ፣ እኔ ዶክተሯ ነኝ። የሚያምሽ ጥርስሽ ነው ወይስ ደሞዝሽ?»

እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። «አይ አንቺ!»

«ሳቁን ተይውና መልሽልኝ። ‹ሳልቢንግ፣ ስንት ልክፈልሽ?› ብዬሻለሁ።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ዓይኗን መሬት ተከለች። «እርስዎ እንዳሉ፣ ዶክተር።»

ፎጣው ጀርባዋ ላይ ጧ አለ።

«‹እርስዎ እንዳሉ› የሚባል ገንዘብ የለም! እስቲ ገበያ ሂጂና በ‹እርስዎ እንዳሉ› ሩዝ ስፈሩልኝ በያቸው!»

«ነውር ነው እኮ፣ እትዬ ፓሲንግ። እንዴት አድርጌ በገዛ አፌ ዋጋ እጠራለሁ? ሴትዮዋ ደግሞ ደግ ናት።»

«ደግ! ጥርስ ስትነቅል ‹እናንተ እንዳላችሁ› ትላለች? በጥርስ በጥርስ ነው የምታስቆጥረው። የፊቱ ይህን ያህል፣ መንጋጋው ይህን ያህል። ሰውዬው አፉን ከፍቶ እየጮኸ እንኳ ዋጋውን ትነግረዋለች!»

ከዚያ ቁጭ ብለው ሒሳቡን ሠሩ። እትዬ ፓሲንግ የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን የምታገኘውን ወስዳ በሰዓት አካፈለችው፣ ለምሽቱ ትንሽ ጨመረችበት። «አሥራ አምስት ፔሶ። በሰዓት። በወር እንዳትያት፣ ወሩን እንደ ላስቲክ ትስበዋለች።»

«ልጁ ሲተኛስ? ያን ጊዜ እኮ ቁጭ ነው የምለው። እሱንም ልቁጠርባት?»

«ትተሽው ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ሰዓቱ ያንቺ አይደለም። ያንቺ ያልሆነ ሰዓት ይከፈልበታል።»

በኋላ እኔም ሰው የምቀጥር ሰው ሆንኩ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ከማንም አልሰማሁም። ያን ቀን ግን እትዬ ፓሲንግ ጨዋ እናቴን ባለጌ እያደረገቻት መሰለኝ። እኔ ዶክተር ሜልባን እወዳታለሁ። እናቴ ማታ ስትገባ እጇ ባዶ አይሆንም፤ አንድ ቀን ስኳር የበዛበት ፓስታ በላስቲክ፣ አንድ ቀን የተቆረሰ የልደት ኬክ፣ አንድ ቀን የዶክተሯን ትልቅ ልጅ የጠበባት ጫማ። በእኛ መንደር እንደ እኔ ኬክ የበላ ልጅ አልነበረም። ኬክ የበላንበት ወር የደሞዙ ፖስታ የሳሳበት ወር መሆኑን የነገረችኝ እትዬ ፓሲንግ ናት፤ ያውም ካደግሁ በኋላ። ያን ጊዜ ብትነግረኝም አላምናትም ነበር።

በትምህርት ቤታችን ደግሞ የዓመቱ ወሬ ሜሮን ነበር። ጳጳሱ መጥተው ከፍ ከፍ ያልነውን ልጆች ይቀቡናል፤ ለዚያ ቀን ሌላ ክርስትና እናት ይያዛል። ሴቶቹ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ሥራችን ክርስትና እናት ማወዳደር ሆነ። የአንዷ የዳቦ ቤት ባለቤት ናት፣ የአንዷ የከንቲባው ጸሐፊ። «ያንቺስ ዲቪና?» ሲሉኝ ጫማዬን አስራለሁ። ክር የሌለው ጫማ ነበር።

ከልምምዱ በኋላ በመጣው ቅዳሜ የእትዬ ፓሲንግ ልጅ አተኩሶት ስለነበር እናቴ እኔን ይዛኝ ወደ ዶክተሯ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ እኔም «እመቤቴ ማርያም ሆይ» እያልኩ ተከተልኳት። አሁን ሳስበው «አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት» ነበር የምትለው።

ዶክተሯ ሳሎን ውስጥ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ቬንትሌተሩ ከጎኗ ይንጫጫል። እናቴ «ኪኮን በረንዳ ላይ አጫውቺው» ብላ አስወጣችን። ኪኮ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ጎሽ አደረገኝ። በእጅና በጉልበቴ እየዳኹ እስከ በረንዳው ጥግ ሄድኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምን ሆንሽ ሳልቢንግ? አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ስለ… ስለ ሰዓቱ ነው። ግማሽ ቀን ብለን ነበር፤ ያው አንዳንዴ ይመሻል፤ ልጅቷ ደግሞ ሰው ቤት ነው የምትውለው…»

«አይዞሽ፣ ተናገሪ። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ስንት ይሁንልሽ?»

 እኔ በእንብርክኬ እንደሆንኩ «እርስዎ እንዳሉ በያት፣ እማዬ፣ እርስዎ እንዳሉ በያት» እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ። ጨዋ ሰው እንዲያ ነው የሚለው።

«በሰዓት ቢሆን» አለች እናቴ። «በሰዓት አሥራ አምስት።»

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ኪኮ «ሂጂ! ሂጂ!» እያለ በተረከዙ ጎኔን ይነርተኛል፤ እኔ ግን መንቀሳቀስ አቃተኝ። ከውስጥ ቬንትሌተሩ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ዶክተሯ እግሯን ስታወጣ ውሃው ተንቦጫረቀ።

«ዲቪና! ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ!»

ኪኮን አዝዬ ገባሁ። አገጬን ያዘችና አፌን ከፍታ ጥርሴን አየች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነበር። «ጎሽ፣ አልተበላም። ዘንድሮ ሜሮን ትቀቢያለሽ አይደል? ክርስትና እናት ማን ተያዘልሽ?»

«ገና ነው» አልኩ።

«እኔ ብሆንሽስ?»

ኪኮን እንዴት እንዳወረድኩት አላውቅም። እጇን ይዤ ግንባሬን አስነካሁ፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው። እጇ እርጥብ ነበር፤ ቅርንፉድ ይሸታል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የከንቲባው ጸሐፊ ማን ናት!

«በቃ!» አለች ዶክተሯ ወደ እናቴ ዞር ብላ። «ከዛሬ ጀምሮ አበልጆች ነን። ዶክተር፣ ዶክተር የሚባለው ቀረ። አበልጄ በይኝ።»

እናቴ አለቀሰች። ቁማ፣ በሁለት እጇ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አለቀሰች። ሰው ደስ ሲለውም ያለቅሳል ብለው መምህራችን ነግረውናል፤ ስለዚህ በጣም ደስ ብሏታል ማለት ነው አልኩ። ሄጄ ወገቧን አቀፍኳት።

በዚህ ራሴን አልወቅስም። ባለ ፎቅ ክርስትና እናት ስትቀርብላት እምቢ የምትል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካለች አምጡልኝ፤ እኔ እሷን ማየት እፈልጋለሁ። የምወቅሰው ሌላ ሰው አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እየሮጥኩ ቀደምኩ። እትዬ ፓሲንግ ደጃፏ ላይ የደረቀ ዓሣ ትጠብሳለች።

«እትዬ ፓሲንግ! ክርስትና እናት አገኘሁ! ዶክተር ሜልባ ናት!»

ከሰሉን ማራገብ ተወች። እኔን አላየችኝም፤ ከኋላዬ የምትመጣውን እናቴን ነው ያየችው። «አሥራ አምስቱስ?»

«አበልጅ ሆንን» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«እሱን ሰማሁ። አሥራ አምስቱስ?»

«ድምፄ ዝቅ ብሎ ነው መሰለኝ። ቬንትሌተሩም ይጮኻል። አልሰማችኝም።»

«እንግዲያው ሰኞ ደግመሽ ንገሪያት!»

«አበልጄን?» አለች እናቴ።

እትዬ ፓሲንግ ማራገቢያዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ጉድ በይ! በቅባት አሽታ ሰዓትሽን ዋጠችው እኮ! አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ!» እንዲህ እያለች ሳለ ዓሣው ከሰል ሆነ።

ቅናት ነው አልኩ። የእሷ ልጅ ክርስትና አባት የባለ ሦስት እግሩ ትራይስክል ሹፌር ነው፤ የእኔ ዶክተር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእትዬ ፓሲንግ ሰላምታ ነፈግኋት። በደጇ ሳልፍ አፍንጫዬን ሰቅዬ ነበር፤ እሷም እያየች ከንፈሯን ትመጣለች።

ከወንድም ጋር ዋጋ መከራከር አለ፣ ከእህት ጋርም አለ። ከአበልጅ ጋር የለም። አበልጅ ሲጠራሽ አቤት ነው። ዶክተር ሜልባ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ከእኔ በቀር።

የሜሮኑ ቀን ክርስትና እናቴ ነጭ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ የትልቋ ልጇ ነበር፣ ወገቡ ላይ በመርፌ ተይዞ ጠቦልኛል። ጳጳሱ ግንባሬን ሲቀቡኝ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ከኋላዬ ቆመች። ድግሱ ግን የእናቴ ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። ለትምህርት ቤት መመዝገቢያዬ ስታደልባት የነበረችውን አሳማ አረደች። ምርጡ ጭን ወደ ክርስትና እናቴ ቤት ሄደ፤ እንግዶቹም እዚያው ተሰበሰቡ። ክርስትና እናቴ ለሰው ሁሉ «አበልጄን ተዋወቋት፣ እንደ እህቴ ናት» ትላለች። ተዋወቋት ያለቻት እናቴ ግን ሳሎኑ ውስጥ አልነበረችም። ኪኮ ሸንቶ ስለነበር ጓዳ እያጠበችው ነበር።

ከዚያ በኋላ «አበልጄ፣ ዛሬ ትንሽ ቆዪልኝ» መጣ። «አበልጄ፣ ልብሱንም ነካ ነካ ብታደርጊው» መጣ። «አበልጄ፣ ይህ ወር ከበደኝ፤ ሩዝ ልስጥሽ» መጣ። እናቴ ሁሉንም «እሺ አበልጄ» አለች። ማታ ስትሸከመኝ እጇ እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዘኝም፤ መንገድ ላይ ቆም ትላለች፣ ታወርደኛለች፣ ደግሞ ታነሣኛለች። ከብጄ ነው እል ነበር።

አንድ ጠዋት የእመቤታችን ሥዕል ግድግዳው ላይ ተደላድሎ አየሁት። ከኋላው ምንም የለም። እናቴ ፈርማለች።

ወደቡ ላይ ሳመችኝና «ክርስትና እናትሽን ታዘዢያት» አለችኝ። ታዘዝኳት። ቤታችን ተዘግቶ እኔ ወደ ፎቁ ገባሁ፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼም ዶክተሯ ልጅ አደረገችኝ ብዬ አወራሁ፤ አምኜበት ነው ያወራሁት። ፍራሼ ኪኮ ክፍል ተነጠፈ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ እስኪተኛ እጠብቀዋለሁ፤ የኔ እራት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጓዳ፣ ቁሜ። ነገሩ መገላበጡ አንድም ቀን አልታየኝም። እህትነት መስሎኝ ነበር። እናቴ በሰዓት አሥራ አምስት ያለችውን ሥራ እኔ በነጻ ሠራሁት፤ እኔንማ «ስንት ይሁንልሽ?» ያለኝም የለ።

እናቴ እኔ መምህርት ሆኜ ራሴን እስክችል እዚያው ሆንግ ኮንግ ኖረች። ሁለት የሰው ልጆች አሳድጋ፣ ጉልበቷን ጨርሳ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ መጣች። እትዬ ፓሲንግ እናቴ ሳትመለስ ሞታ ነበር። ክርስትና እናቴ ስትሞት ደግሞ እናቴ ጥቁር ለብሳ ቅዳሴ አስቀደሰችላት። እኔ አልሄድኩም፤ ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ።

አሁን እኔም ልጅ አለኝ። ከሰዓት በኋላ የምትጠብቅልኝ ሴት ኔልያ ትባላለች። ስቀጥራት ዋጋዋን ብጠይቃት፣ ምን እንዳለች ገብቷችኋል፤ «እርስዎ እንዳሉ።» አይሆንም፣ ተናገሪ ብዬ ቁጭ አደረግኋት። ዓይኗ እንባ እስኪሞላ አስጨነቅኋት። በመጨረሻ ቁጥር ጠራች። ያለችውን እከፍላለሁ፤ ልጄ ሲተኛም ይቆጠራል።

ባለፈው እሑድ ኔልያ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ፀጉሯ በሁለት ተጎንጉኖ፣ ቀሚሷ ተተኩሶ፣ ከእናቷ ኋላ አጮልቃ ታየኛለች። «እትዬ ዲቪና፣ ዘንድሮ ሜሮን ልትቀባ ነው። ክርስትና እናት ቢሆኑልኝ ብዬ…»

«አይሆንም፣ ኔልያ።»

«ምንም ወጪ የለበትም እኮ…»

«ስለ ወጪ አይደለም። አንቺና እኔ የሰዓት ሰዎች ነን፤ እንደዚሁ እንቆይ። ነገ ‹ቆዪልኝ› ስልሽ ‹አልችልም› ማለት እንድትችዪ ነው።»

እኔ ትልቅ ነገር የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ኔልያ ግን ፊቷ ጠቆረ። በሩ ላይ ጫማዋን ስታደርግ «ድሃ ስለሆንን ነው» ስትል ሰማኋት፤ ለራሷ ነው ያለችው። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔ እትዬ ፓሲንግን እንደዚያ ነበር የማያት።

እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች። ከሚፈለፈለው የሚፈሰው ይበልጣል።

«ምን አለበት እሺ ብትያት?» አለችኝ። «ልጅቷ እንዴት ደስ ባላት።»

«እማዬ! አንቺ ነሽ ይህን የምትዪ?»

«እኔማ ምን ሆንኩ? ዶክተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም።» ለውዙን ትታ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘቻቸው፤ መንቀጥቀጡ እንዲቆም። «ፓሲንግ ነፍሷን ይማረው፣ እስክትሞት በደብዳቤ ስትሰድባት ኖረች። እኔ ግን አልተቀየምኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣም። ቬንትሌተሩም ይጮህ ነበር። ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ ትከፍለኝ ነበር፤ አንቺንም ጥዬሽ አልሄድም ነበር። አልሰማችኝም እንጂ።»

ይህን ስትል ፊቷ ሰላም ነበር። በባዕድ አገር፣ በሰው ጓዳ፣ ይህን ይዛ ነው የኖረችው። እኔ ግን ንዴቱ ገና አልበረደልኝም ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«በሰዓት አሥራ አምስት» አልኳት።

ቀና አለች። «ማን ነገረሽ? ፓሲንግ ናት?»

«ማንም አልነገረኝም። ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

«አንቺማ በረንዳ ላይ ነበርሽ። ከኪኮ ጋር።»

«በረንዳው ጥግ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁሽ፣ እማዬ። ጥርት ብሎ።»

እናቴ አንድ ለውዝ አነሣች፣ ልትፈለፍለው ሞከረች፣ አቃታትና መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው እሷም ሰምታኛለች» አለች።